የዊንሶክ ፕሮግራምን ከቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ሚንጂደብልዩ ማዛወር፦ የላይብረሪ ግጭቶችና መፍትሄያቸው

እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም) ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 6 ተጽፎ፣ በዊንሶክ (የዊንዶውስ የኔትወርክ ፈንክሽኖች ስብስብ) እየተጠቀመ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ የኮንሶል ኔትወርክ ፕሮግራም፣ ጂሲሲ በተባለው ነጻ ኮምፓይለር ላይ የተመሠረተው ሚንጂደብልዩ ሲረከበው በስህተት መልእክት ሊሞላ ይችላል። ማስተካከል ከመጀመሩ በፊት መልእክቱን ያወጣው ኮምፓይለሩ፣ ሊንከሩ (የተለወጡትን ፋይሎች ከላይብረሪዎች፣ ማለትም ከተዘጋጁ የፈንክሽን ስብስቦች፣ ጋር የሚያያይዘው) ወይስ ፕሮግራሙን ሊያስነሳ የሞከረው ዊንዶውስ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ የሊንከርን ስህተት ሄደር ፋይል (የፈንክሽኖችን ስምና ዓይነት ብቻ የሚያስታውቅ) በመጨመር ለማቃናት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ፋይል ኮምፓይል ከሆነ በኋላ ሊንከሩ ደብልዩኤስኤስታርትአፕን፣ ሶኬትንና ኮኔክትን የመሳሰሉ ፈንክሽኖች አልተገኙም ይላል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጸሐፊዎች የሚፈልጉትን ላይብረሪ በኮዱ አናት ላይ በፕራግማ ኮሜንት (ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ ልዩ የትዕዛዝ መስመር) መጥራት ለምደዋል፤ ጂሲሲ ግን ይህን መስመር አያውቀውም፣ የማስጠንቀቂያ አማራጮቹ ካልተከፈቱም ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ስለዚህ ደብልዩኤስ2_32 የተባለውን ላይብረሪ በሊንክ ትዕዛዙ ላይ በግልጽ መጥቀስ የግድ ነው። ጠቅሰውም ስህተቱ ያልጠፋላቸው ሰዎች ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ፦ ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጓዘ እስከዚያ ድረስ የተፈለገውን ብቻ ከላይብረሪ ስለሚያወጣ፣ ላይብረሪው ከፋይሎቹ ቀድሞ ከተጻፈ የሚፈልገው ሳያገኝ ይታለፋል። በ32 ቢት ግንባታ ከደብልዩኤስኤስታርትአፕ ስም ኋላ የሚንጠለጠለው 8 ቁጥር ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ፈንክሽኑ የሚቀበላቸው ሁለት እሴቶች የሚይዙትን ባይት ከመቁጠር በቀር ሌላ ትርጉም የለውም።

ምልክት፦ ኮምፓይለሩ ሶክአድርን (የኔትወርክ አድራሻ መያዣውን) የመሳሰሉ ስሞች ሁለት ጊዜ ተበይነዋል ይላል፣ ወይም ዊንሶክ2 ከዊንዶውስ ሄደር እንዲቀድም ያሳስባል።

የዊንዶውስ ሄደር አሮጌውን ዊንሶክ ይዞ ስለሚገባ ሁለቱ ይጋጫሉ። ዊንሶክ2ን በሁሉም ፋይል ማስቀደም ይበቃል።

ምልክት፦ በቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የተገነባ የሦስተኛ ወገን ላይብረሪ በትክክል ተጠቅሶም ፈንክሽኖቹ አይገኙም።

ሁለቱ ኮምፓይለሮች የሲ ፕላስ ፕላስ ስሞችን በየራሳቸው ሥርዓት ስለሚያዛቡ (የእሴቶቹን ዓይነት በስሙ ላይ ስለሚጨምሩ) አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ምንጩ ካለ በሚንጂደብልዩ እንደገና መገንባት ይሻላል፤ ፋይሉን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው በሚለውጡ መሣሪያዎች መታገል የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ በገንቢው ማሽን ሠርቶ በሌላው ላይ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጫን ላይብረሪ) ጎደለኝ ይላል።

የሚንጂደብልዩ ደጋፊ ፋይሎች እዚያ የሉም። ከፕሮግራሙ ጋር ይላኩ፣ ወይም ወደ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲገቡ ስታቲክ በሚለው አማራጭ ይገንቡ።

ምልክት፦ ምንም ስህተት አይታይም፤ ሰርቨሩ ግን ግንኙነት አይቀበልም፣ ሊስን የተባለው ፈንክሽንም ይከሽፋል፣ የስህተት ቁጥሩም 10022 ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሁሉንም በር አልፎ ይገባልና። ሲ ፕላስ ፕላስ 11 በመደበኛ ላይብረሪው ውስጥ ባይንድ የሚባል የራሱን ፈንክሽን አምጥቷል፣ ጂሲሲም ከ6ኛው እትም ጀምሮ ሳይጠየቅ ሲ ፕላስ ፕላስ 14ን ወይም ከዚያ የኋላውን ይከተላል። የጂሲሲ የራሱ መደበኛ ላይብረሪ ይህን ግጭት ይከላከላል፤ ሌላ መደበኛ ላይብረሪ ሲያገለግል ግን የኤስቲዲ ኔምስፔስ (የመደበኛው ላይብረሪ ስሞች ክልል) በጅምላ በተከፈተበት አሮጌ ኮድ ውስጥ፣ የአድራሻው መጠን በሳይዝኦፍ (ባይት በሚቆጥረው ኦፕሬተር) ከተሰጠ ኮምፓይለሩ ሶኬትን ከፖርት ጋር ከሚያስረው የዊንሶክ ባይንድ ይልቅ አዲሱን ሊመርጥ ይችላል፤ የተመለሰው ውጤት ካልተመረመረም ሶኬቱ ከምንም ፖርት ጋር ሳይታሰር ይቀራል። ከባይንድ ስም በፊት ሁለት ጊዜ ኮሎን መጻፍ የዊንሶኩ እንዲጠራ ያደርጋል፤ ውጤቱ ከስህተት እሴቱ ጋር ቢነጻጸር ኖሮ ደግሞ ኮምፓይለሩ ገና ከመነሻው ይጮህ ነበር።