ተከራያችሁ ቤታችሁን በየሌሊቱ ለእንግዳ ሲያከራየው፦ መድኑን እንዴት ታስተካክላላችሁ?

የመድን ድርጅቱ የላከው የጉዳት ገማች በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ውሃው አልነበረም። «በዚያ ሌሊት እዚህ ቤት ያደረው ማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ያከራየሁት ለአንድ ወጣት ነው። ኪራይ አያሳልፍም፣ ስደውል ያነሳል፣ ሰው ያከብራል። ለካ እሱ የሚያድረው ሌላ ቦታ ነው። ቤቱን ኤርቢኤንቢ በሚባለው፣ ሰዎች ቤታቸውን ለአጭር ጊዜ እንግዳ በሚያከራዩበት መተግበሪያ ላይ አውጥቶ በየሌሊቱ ያከራየዋል። ለሁለት ሌሊት የመጡ እንግዶች የመታጠቢያ ገንዳውን ደፍነው፣ ውሃውን እንደከፈቱት ወጡ። ውሃው ሞልቶ ፈሰሰና የታችኛዋን ጎረቤቴን ኮርኒስ አወረደው።

አራት ዓመት ሙሉ አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ አሳልፌ አላውቅም። የመድን ውሌ ላይ ግን የቤቱ አገልግሎት «ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ፣ በቋሚ ኪራይ» ይላል። የካሳ ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ። ኮርኒሱን ከኪሴ አሠራሁ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ጎረቤቴ ትልቅ ሴት ናቸው። ከወራት በፊት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ እናንተ ቤት ሻንጣ የሚጎትት ሰው አይጠፋም» ብለውኝ ነበር። ዘመድ መጥቶበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ገማቹ «መቼ ነው ያወቁት?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ካሳውን የከለከለኝ ደብዳቤም ያንኑ ጠቀሰ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። መድን ሰጪው ዋጋ የሚያወጣው ለግድግዳው ብቻ አይደለም። ውስጡ ማን እንደሚኖር፣ ቤቱ ምን እንደሚሠራበት ጭምር አስቦ ነው። አገልግሎቱ ሲለወጥ መንገር የባለቤቱ ሥራ ነው። ተከራዩ ሳያስፈቅዳችሁ ያደረገው ቢሆንም፣ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ዝምታው የእናንተ ይሆናል።

መጀመሪያ ማረጋገጥ

ከተከራዩ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ማስታወቂያው በአንድ ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። መተግበሪያውን ከፍታችሁ ቤታችሁ ያለበትን ሰፈር ፈልጉ። ካርታው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ግምታዊ ቦታ ስለሆነ ፎቶዎቹን ነው ማየት ያለባችሁ። እኔ ቤቴን የለየሁት በመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ነው፤ አንዷ ተሰብራ በሌላ ቀለም ተተክታለች።

የገጹን ፎቶ ከነቀኑ አስቀምጡ። ስንት እንግዳ እንደሚቀበል፣ ለስንት ሌሊት፣ የቤቱ ደንብ ምን እንደሚል ይታይ። የእንግዶቹን አስተያየቶች እስከ መጨረሻው ውረዱና የመጀመሪያው የተጻፈበትን ወር መዝግቡ። ነገሩ ከመቼ ጀምሮ እንደነበር በግልጽ የሚነግራችሁ እሱ ነው። መድን ሰጪውም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ቤቱን በውላችሁ መሠረት አሳውቃችሁ ስትጎበኙ ደግሞ በር ላይ ባለ ቁጥር የቁልፍ ሳጥን፣ የተደራረበ ፍራሽ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዋይፋይ ቁልፍ ካያችሁ ልብ በሉ።

ውላችሁን ማንበብ

የመድን ውል ረጅም ነው፤ ሰው የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። ግን ለዚህ ጉዳይ የምትፈልጓቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ዝርዝር ይቅደም። የቤቱ አገልግሎት ምን ተብሎ ተጽፏል? «የባለቤት መኖሪያ» ከሆነና እናንተ አከራይታችሁት ከሆነ፣ ችግሩ ከእንግዶቹም በፊት ነው የጀመረው። «በኪራይ የተያዘ መኖሪያ» ከሆነ ለቋሚ ተከራይ ነው የተገባው ማለት ነው። ሌሊት በሌሊት የሚቀያየር እንግዳን ብዙ መድን ሰጪዎች እንደ ንግድ ነው የሚያዩት።

ቀጥሎ የማይሸፈኑ ጉዳቶች ወደሚለው ክፍል ሂዱ። «የንግድ ሥራ»፣ «የእንግዳ ማረፊያ»፣ «መልሶ ማከራየት» የሚሉ ቃላትን ፈልጉ። ከዚያ ስርቆትን የሚመለከተውን አንቀጽ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ውሎች ስርቆት የሚሉት በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ሲገባ ነው። እንግዳ ግን ቁልፉን ተቀብሎ ነው የገባው። ቴሌቪዥኑን ይዞ ቢወጣ በር አልተሰበረም፤ ውሉም ላይከፍል ይችላል። ሆን ተብሎ የሚደርስ ጉዳትም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ውል የውጭ ሰው የሰበረውን ይከፍላል፣ ፈቅዳችሁ ወይም ተከራያችሁ ፈቅዶ ያስገባው ሰው የሰበረውን ግን አይከፍልም።

ሰው የሚረሳው አንድ አንቀጽ ደግሞ አለ፦ ቤቱ ባዶ ስለሚሆንባቸው ቀናት የሚናገረው። ብዙ ውሎች ቤቱ ለተከታታይ 30 ወይም 60 ቀናት ሰው ካልኖረበት አንዳንድ ሽፋኖችን ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ። ተከራዩ ራሱ ካልኖረበትና እንግዳ የሌለበት ወቅት ከረዘመ፣ ሳታውቁት ቤቱ ባዶ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

ለመድን ሰጪው መጻፍ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። ብነግራቸው ይሰርዙብኛል፣ አረቦን ይጨምሩብኛል ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሳይነግሩ የሚከፈል አረቦን ምንም ላይገዛ ይችላል። መድን ሰጪው የካሳ ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንድ ቦታ ውሉን በሙሉ ሊያፈርስ ይችላል። የመድን ሕግ የቆመው በቅን ልቦና ላይ ነው። በ1766 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በካርተርና በቦም ክርክር ላይ የሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለአደጋው ግምት የሚጠቅመውን ነገር በብዛት የሚያውቀው መድን ገቢው ስለሆነ፣ ያንን መደበቅ የለበትም ነው ነገሩ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። መንፈሱ ግን አንድ ነው።

ስልክ ደውላችሁ አትተዉት። ጻፉ። እኔ በኋላ የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

«በውል ቁጥር … በተመዘገበው አፓርታማ ላይ የአገልግሎት ለውጥ እንዳለ ማወቄን አሳውቃለሁ። ተከራዬ ቤቱን በመተግበሪያ አማካይነት ለአጭር ጊዜ እንግዶች እንደሚያከራይ ያወቅሁት በዚህ ቀን ነው። በአንድ ጊዜ እስከ አራት እንግዶች ይቀበላል። ውሌ ይህን አገልግሎት እንደሚሸፍን ወይም እንደማይሸፍን፣ የማይሸፍን ከሆነም ምን ዓይነት ተጨማሪ ሽፋን እንዳላችሁ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።»

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ተጨማሪ አረቦን አስከፍለው በውሉ ላይ ማሻሻያ ይጽፉላችኋል፤ ወይም ቋሚ ተከራይ ብቻ እንሸፍናለን ብለው ነገሩ እንዲቆም ይጠይቃሉ፤ ወይም አናድስም ይላሉ። ሦስተኛው ከመጣ አትደናገጡ። ለአጭር ጊዜ ኪራይ ተብለው የተዘጋጁ ውሎች አሉ። ወኪሉን ስታነጋግሩ ግን አንድ ነገር በደንብ አስረዱ፦ እንግዳ የሚቀበለው ተከራዩ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ግን እናንተ ናችሁ። ብዙዎቹ ውሎች ባለቤቱና አስተናጋጁ አንድ ሰው ናቸው ብለው ነው የተጻፉት።

ማሻሻያ ከተሰጣችሁም አምስት ጥያቄ አንሱ። እንግዳ ደረጃ ላይ ወድቆ ቢከሰኝ ትከፍላላችሁ? እንግዳው ሆን ብሎ ቢያበላሽስ? ሳይሰብር ገብቶ ቢሰርቅስ? ውሃ ወደ ታች ቤት ቢወርድስ? በዓመት የሌሊት ወይም በአንድ ጊዜ የእንግዳ ቁጥር ገደብ አለው? ከእነዚህ የመጀመሪያውን ለሌላው አትለውጡት። የተሰበረ ሶፋ ሰውን ድሃ አያደርግም። የተሰበረ ወገብ ግን በፍርድ ቤት በኩል ሲመጣ ቤቱን ራሱን ሊበላ ይችላል።

«ኤርቢኤንቢ ይሸፍነዋል» ለሚሏችሁ

ተከራዬም ያለኝ ይህንኑ ነው። ከልቡ ያምንበት ነበር። እውነት የሆነ ነገር አለው። ኤርቢኤንቢ ኤርከቨር በሚለው ፕሮግራሙ ለአስተናጋጆች እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የንብረት ጉዳት ጥበቃና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት መድን፣ ማለትም ሌላ ሰው ተጎድቶ ሲጠይቃችሁ የሚከፍል ሽፋን፣ እሰጣለሁ ይላል። ሌላው ተመሳሳይ መተግበሪያ ቪአርቢኦም እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኃላፊነት መድን አለው።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን ማን እጅ እንደሚገባ ተመልከቱ። ጥበቃው የተሰጠው ለአስተናጋጁ ነው። መተግበሪያው ላይ አካውንት ያለው ተከራዩ ነው፤ ጥያቄ የሚያቀርበውም እሱ ነው። እሱ ካልፈለገ፣ ወይም በእናንተ እንዳይታወቅበት ከፈራ፣ ጥያቄው አይቀርብም። የንብረት ጥበቃው ደግሞ ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው የመድን ውል አይደለም። በጊዜ ብዛት የሚመጣ እርጅናንም አይከፍልም። ጥያቄው እንግዳው ከወጣ በ14 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ ስለ ውሃው በዝርዝር ሰምቼ ወረቀት ሳሰባስብ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የመተግበሪያውን ጥበቃ እንደ ተጨማሪ ነገር ያዙት። በእናንተ ውል ቦታ አይተካም። ከመተግበሪያው ውጭ በስልክ ተነጋግሮ ለሚመጣ እንግዳም አይሠራም።

ተከራዩና የኪራይ ውሉ

እንዲያቆም መጠየቅ መብታችሁ ከሆነና ከፈለጋችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁና ያቆመበትን ቀን ለመድን ሰጪው አሳውቁ። እኔ ግን ከልጁ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሥራውንም በሥርዓት መሥራት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ፈቀድኩለት፣ በቅድመ ሁኔታ።

አንደኛው ቅድመ ሁኔታ የራሱን መድን እንዲገባ ነው። ተራ የተከራይ መድን አብዛኛውን ጊዜ ንግድን ስለማይሸፍን፣ እንግዳ ማስተናገድን በስም የሚጠቅስ የኃላፊነት ሽፋን እንዲሆን ጠየቅሁ። በዚያ ውል ላይ እኔም ተጨማሪ መድን ገቢ ሆኜ እንድጻፍ አደረግሁ። ልብ በሉ፤ «ማሳወቂያ ይላክላታል» ተብሎ መጻፍና «ተጨማሪ መድን ገቢ ናት» ተብሎ መጻፍ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ውሉ ሲቋረጥ ወረቀት ያስልክላችኋል። ሁለተኛው እንግዳው እናንተን ሲከስ ከጎናችሁ ይቆማል። የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ውሰዱ፣ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

የኪራይ ውሉ ላይ ደግሞ የእንግዳ ቁጥር፣ የጭስ ማሳወቂያ መሣሪያ በየጊዜው መፈተሹ፣ ጉዳት ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእኔ ማሳወቁና በመተግበሪያው በኩል የካሳ ጥያቄ ለማቅረብ መገደዱ ተጻፈ። የመጨረሻው ቃል ለእኔ ትልቁ ነው። ቤቱ የባንክ ብድር ያለበት ከሆነም ባንኩን፣ የጋራ ሕንፃ ከሆነም የሕንፃውን ደንብ ከመፍቀዳችሁ በፊት እዩ።

ስለ ገቢ አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ተበላሽቶ ለጥገና ቢዘጋ፣ የእናንተ የኪራይ ማካካሻ ሽፋን የሚያስበው ተከራዩ በየወሩ የሚከፍላችሁን ነው። እሱ ከእንግዶች ያጣው የእሱ ጉዳይ ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጉዳት የደረሰ ቀን

ውሃውን፣ መብራቱን፣ ጋዙን ዝጉ። ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ በውሉ ግዴታችሁ ነው፤ ለዚያ ያወጣችሁትን ደረሰኝ ያዙ። ሳትጠርጉ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከሩቅም ከቅርብም። የተበላሸውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው አትጣሉት። የታችኛውን ቤትም አስፈቅዳችሁ ቅረጹት።

ከዚያ በዚያው ቀን ሦስት ቦታ አሳውቁ፦ ለራሳችሁ መድን ሰጪ፣ በተከራዩ በኩል ለእሱ መድን ሰጪ፣ በእሱ አካውንት ደግሞ ለመተግበሪያው። የትኛው ይከፍላል የሚለውን እነሱ ይከራከሩበት፤ እናንተ አንዱን ብቻ መርጣችሁ የሌላው የማመልከቻ ቀን እንዳያልፍባችሁ። ከተከራዩ የዚያን ሌሊት የማረጋገጫ ገጽ ውሰዱ፤ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት፣ የሰዎቹ ብዛት እዚያ ላይ አለ። ጎረቤት ወይም እንግዳ ሲያናግራችሁ ደኅንነታቸውን ጠይቁ፣ እርዱ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ግን መድን ሰጪው ሳያውቅ አትስጡ።

ባለፈው የእንግዳ ልጅ የመስኮት መስታወት ሰበረ። ተከራዬ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደወለልኝ። ፎቶው፣ የእንግዳው ስም፣ የገቡበት ሰዓት አብረው መጡ። ገማቹ «እዚህ ቤት ያደረው ማን ነው?» ሲለኝ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።