ሁለት ቡችላ ዝርያ አይሆንም፦ ብርቅ ውሻ ወደ አገር ሲገባ የሚሠሩ ስህተቶች

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስልክ የሚደወልልኝ ግን ብዙውን ጊዜ ውሻው ከገባ በኋላ ነው። «ዶክተር፣ እዚህ አገር የሌለ ዝርያ አስገባሁ!» ይላል ሰውየው፣ በደስታ ሰክሮ። ስንት አመጣህ? «ጥንድ፤ ወንድና ሴት። ማራባት ነው ሐሳቤ።» ከየት? «ከአንድ ሰው ነው የገዛኋቸው።» እናታቸውስ? «አንድ ናት። እንዳይጣሉ ብዬ እኮ ነው።»

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ወንድምና እህት አምጥቶ «ዝርያ አስገባሁ» ማለት

ለልጁ ጋብቻ ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ሰው፣ ውሻ ላይ ሲደርስ ወንድምን ከእህት ያጋባል። ሲጠየቅ «ውሻ እኮ ነው» ይላል። ውሻስ ቢሆን? የዘር ሕጉ ከእኛ አይለይም። እያንዳንዱ እንስሳ የተበላሹ ዘረመሎችን ይዞ ይዞራል። አብዛኞቹ ጉዳት የሚያደርሱት ያው ብልሽት ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ብቻ ነው። ወላጆቹ ባዕድ ከሆኑ ይህ የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ወንድምና እህት ሲሆኑ ግን ቡችላው በሁለቱም በኩል ያንኑ አንድ ቅጂ የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ይሆናል። እነዚያን ቡችሎች መልሳችሁ እርስ በርስ ካራባችኋቸው 37.5 በመቶ። አንድ ትውልድ ጨምሩበትና 50 በመቶ።

«የኔዎቹ ግን ጤነኛ ናቸው» የሚለኝ ሰው የባሴንጂን ታሪክ ይስማ። ባሴንጂ የኮንጎ አዳኝ ውሻ ነው። ትንሽ ነው፣ ጅራቱ ይጠቀለላል፣ እንደ ሌላው ውሻ አይጮህም። እንግሊዝ ውስጥ የጸናው በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የተራባው ከእነዚያው ጥቂት ውሾች ነበር። መጀመሪያ ቀይ የደም ሴልን የሚያጠፋ የዘር በሽታ ታየ። አርቢዎቹ በምርመራ እየለዩ እሱን ሊያጸዱ ሲታገሉ ሌላ መጣ፤ ፋንኮኒ። በፋንኮኒ የተያዘ ውሻ ኩላሊቱ ስኳርንና ሌሎች አስፈላጊ ነገሮችን ከሽንት ጋር ይጥላል። የበሽታው ተንኮል ጊዜው ላይ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውሻው 4 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እስከዚያ ወልዷል፣ ልጆቹም ወልደዋል።

መፍትሔው ተመልሶ ኮንጎ መሄድ ሆነ። በ1987 እና በ1988 አሜሪካውያን አርቢዎች በዚያን ጊዜ አጠራር ዛየር ሄደው መንደር ለመንደር ዞሩ፤ አዲስ ደም ያላቸው ውሾችም አመጡ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ዘግቶት የነበረውን የዘር መዝገብ በ1990 ከፍቶ 14 አዳዲስ ውሾችን አስገባ። ለፋንኮኒ የዘረመል ምርመራ የተገኘው ደግሞ በ2007 ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ውሾች ቢጨመሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀል ነበር። እነሱ እንኳ ምክንያት ነበራቸው፤ በመርከብ ዘመን ከኮንጎ ውሻ ማምጣት ቀላል አልነበረም። የእኛው ሰው ምክንያት «አንድ ላይ ሲገዙ ቅናሽ አለው» ነው።

እና ምን ይሻላል? አራት አምስት ሆናችሁ እንደ ዕቁብ ተደራጁ። እያንዳንዱ ሰው ከተለያየ አርቢ፣ ቢቻል ከተለያየ አገር፣ የማይዛመድ ውሻ ያምጣ። ማን ከማን እንደሚራባ ውሾቹ ከመምጣታቸው በፊት ወረቀት ላይ ይስፈር። ይህ ካልሆነላችሁ አንድ ውሻ አምጡ፣ ውደዱት፣ አታራቡት። ይህን ስል የሚቀየመኝ አይጠፋም። ይቀየም።

ክትባትን እንደ ማኅተም ማየት

ባሴንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝ የደረሰው በ1895 ነበር። የመጣው አንድ ጥንድ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ዲስቴምፐር በሚባል የውሻ ቫይረስ በሽታ ሞተ። በ1923 አንዲት እንግሊዛዊት እመቤት ስድስት ባሴንጂዎች ከሱዳን ወሰደች። እነሱም ለይቶ ማቆያ ውስጥ በተሰጣቸው የዲስቴምፐር ክትባት ምክንያት ሁሉም አለቁ። የዚያን ጊዜ ክትባት ገና ሙከራ ላይ ነበር፤ የዛሬው አስተማማኝ ነው። አስተማማኝ የሚሆነው ግን በሰዓቱና በቅዝቃዜው ከተሰጠ ነው።

ቡችላ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ለዚህ ነው የፓርቮ (አንጀት የሚያጠቃ የውሻ ቫይረስ ነው) እና የዲስቴምፐር ክትባት የሚደጋገመው፤ የመጨረሻውም 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሰጠት አለበት። በ8 ሳምንቱ አንዴ ተወግቶ አውሮፕላን የተሳፈረ ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» አይባልም። ደብተሩ ላይ ያለው ማኅተም ቫይረስ አያቆምም።

ቅዝቃዜው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። አንድ ደንበኛዬ ክትባቱን «በቅናሽ አገኘሁት» ብሎ በፌስታል ይዞልኝ መጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁለት ታክሲ። አልወጋም አልኩት። ተናዶ ሄዶ ሌላ ቦታ አስወጋው። ቡችላው በፓርቮ ሞተ። ከአውሮፓ በስንት ውጣ ውረድ የመጣ ውሻ ነበር።

የዘር ሐረግ ወረቀትን ከጤና ወረቀት ማምታታት

የዘር ሐረግ ወረቀት የሚነግራችሁ አባቱ ማን እንደሆነ ብቻ ነው። የሦስት ወር ቡችላ «የዳሌ ምርመራ (በዘር የሚወረሰው የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት የሚታይበት) አልፏል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። አውሮፓ ውስጥ የዳሌ ራጅ የሚነሣው ቢያንስ ዓመት ሲሞላው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ውጤት የሚሰጠው በ2 ዓመቱ ነው። የወላጆቹን ውጤት ጠይቁ።

ውሻውን አምጥቶ ሥራውን እዚያው መተው

ካንጋል የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ቪዲዮ ላይ ከተኩላ ጋር ሲጋጠም አይተውት ነው። ከዚያ ሰሚት አካባቢ 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ቀን ቀን ሊያስሩት ያስባሉ።

ካንጋል የቱርክ በግ ጠባቂ ነው። ሥራውን ጨምሮ ወደ ሌላ አገር ሲገባ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ናሚቢያን ይመልከት። ገበሬዎች ፍየልና በግ ይበላብናል ብለው አቦሸማኔ ይገድሉ ነበር። ሎሪ ማርከር የመሠረተችው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 ጀምሮ ካንጋልንና የቅርብ ዘመዱን የአናቶሊያ እረኛ ውሻን ለገበሬዎች መስጠት ጀመረ። ቡችላው ገና ሕፃን ሳለ ፍየሎቹ መሀል ይገባል። ከእነሱ ጋር ይተኛል፣ ከእነሱ ጋር ይውላል፣ ቤተሰቡ እነሱ ይሆናሉ። ሲያድግ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። የጥበቃው ሰዎች ቡችላውን ሰጥተው አልጠፉም፤ እየዞሩ ይጎበኛሉ፣ ይከትባሉ፣ ገበሬውን ያሠለጥናሉ። እንዲያም ሆኖ ችግር አልጠፋም። አንዳንዱ ውሻ የዱር እንስሳ ማሳደድ ለመደ፤ አንዳንዱ መንጋውን ትቶ ቤት ዋለ። የተስተካከለው ክትትል ስለነበረ ነው።

ሳሎን ያደገ ካንጋል ሳሎን ይጠብቃል። ታስሮ የሚውል ካንጋል ደግሞ ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብስጭት ይሆናል፤ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ የጎረቤት ልጅ ይነከሳል፣ ስሙ የሚጠፋው የዝርያው ነው። ጅብ ለሚያስቸግረው፣ መሬትና መንጋ ላለው ሰው ግን ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲደውልልኝ ደስ ይለኛል፤ ሰዓቴንም አልቆጥርም። በነገራችን ላይ ቱርክ ካንጋል ከአገር እንዲወጣ በቀላሉ አትፈቅድም። ደላላው «ከራሷ ከቱርክ ነው የመጣው» ሲላችሁ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት።

የአገሩን ተባይ መርሳት

ገንዲ፣ ማለትም የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የደም በሽታ፣ የከብት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የቆላ ዝንብ ውሻንም ይነክሳል፤ ለበሽታው ባዕድ የሆነ ዝርያ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ጊቤ፣ ዴዴሳ ወይም ኦሞ ሸለቆ እርሻ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አማክሩ። መዥገር ግን ሸለቆ አይመርጥም። አዲስ አበባም አለ፣ የሚያመጣው የደም በሽታም አለ።

በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች ብሎ ማስላት

ባሴንጂ ብዙውን ጊዜ ለስሪያ የምትደርሰው በዓመት አንዴ ነው። ከቡችሎቿ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ እንኳን ትርፍ ሊሆን፣ ለመኖውም ላይበቃ ይችላል።

በሩ በሁለቱም በኩል የሚከፈት መምሰል

ከግብርና ባለሥልጣን የመግቢያ ፈቃድ ከትኬት በፊት እንደሚወሰድ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የሚረሳው መውጫው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ገና አልለቀቀንም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚሄድ ውሻ ማይክሮቺፕ፣ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የደም ምርመራ፣ ከዚያም የ3 ወር ጥበቃ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ከኦገስት 2024 ጀምሮ 6 ወር ያልሞላው ውሻ አታስገባም፤ ከእኛ ዓይነት አገር የሚመጣ ሲሆን ደግሞ ወረቀቱ ይበዛል።

ይህ ለምን ያስፈልገኛል የሚል ካለ፦ «እዚህ የተወለደውን ቡችላ እዚያ ካለው ጋር እለዋወጣለሁ» የሚል የማራቢያ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ፣ ውሻችሁን ለክረምት ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ፣ የደም ምርመራውን እዚያው ሳላችሁ አሠርታችሁ ፓስፖርቱ ላይ አስመዝግቡ። ክትባቱን ሳታስተላልፉ እስካደሳችሁ ድረስ ስትመለሱ 3 ወሩን አትጠብቁም። እዚህ ከመጣችሁ በኋላ ትዝ ካላችሁ ግን ውሻው አያቱ ጋር ይቀራል። እማማም «የፈረንጅ ውሻ ምን ይበላል?» እያሉ ይደውሉልኛል።

ባሌ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። በጠቅላላው ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 እና በ2015 ዲስቴምፐር ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮ ጨርሰዋል። ሁለቱም የውሻ በሽታዎች ናቸው። ከውሻ ጋር ተዳቅለው የተወለዱም ተገኝተዋል። ስለዚህ «አየሩ ለጠጉራም ውሻ ይስማማል» ብሎ ብርቅ ዝርያ ለማራባት ዲንሾ አካባቢ መሬት የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። እዚያ ቤት ኖሯችሁ ጠባቂ ውሻ የግድ ካስፈለጋችሁ የተኮላሸ ይሁን፤ ክትባቱ በየጊዜው ይታደስ፤ ቀንም ማታም ከግቢ አይውጣ። ቀበሮዎቹ ወደሚኖሩበት የሳነቴ አምባ ስትወጡ ደግሞ መኪና ውስጥ እንኳ ይዛችሁት አትሂዱ።