መኪና ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ምክንያቱን እንዴት እንለያለን?

ጎንደር ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ፣ ነዳጅ ረገጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ከስር «ግርርር» የሚል ድምፅ መጣ እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አለቀ» ብሎ ይደነግጣል። አትቸኩሉ። ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ያለ አንድ ብር ወጪ የሚሠሩ ሙከራዎች አሉ። አንዳንዴ ጥፋቱ የላላ ላሜራ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ድምፁ የሚከተለው ምኑን ነው? የሞተሩን ዙር፣ የጎማውን ፍጥነት ወይስ መኪናው ጉልበት ማውጣቱን?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ፎሌ (ባዶ ማርሽ) አድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይሁን። ኮፈኑን ክፈቱና ሌላ ሰው ቀስ እያለ ነዳጅ ይስጥ። ድምፁ ቆሞም ከመጣ ጎማና ፍሬኑን ለጊዜው ተዉት። ረጅም ካቻቪቴ ያዙ፤ ጫፉን የማይንቀሳቀሰው የዲናሞ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጉ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን አዳምጡ። ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ያለቀው ባዶውን እንደሚዞር ወፍጮ ይጮኻል። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ነጠላ ደርባችሁ ከሆነ ግን አውልቃችሁ ተጠጉ፤ ቺንጋና ማራገቢያ ጨርቅ ከያዙ አይለቁም።

ከሞተር ክፍል ምንም ካልተሰማ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መስመር ተመልከቱ። ቧንቧውን የሚሸፍነው ቀጭን ላሜራ በኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ብሎኑ ይላላል፣ ወይም ዝጎ ይለቃል። የሆነ ዙር ላይ ሲደርስ ብቻ የሚጮህ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእጅ ነቅነቅ አድርጉት። ማጥበቅ ወይም በብረት ማሰሪያ ማሰር ይበቃል። ድምፁ ከሞተሩ ከራሱ ሆድ የሚመጣ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉና ዘይቱን ለኩ። ዘይት ጎድሎ ከሆነ «ጋራዥ ድረስ ልድረስ» ማለት ሞተሩን ሊጨርሰው ይችላል።

ቆሞ ዝም ካለ ሁለተኛው ሙከራ መንገድ ላይ ነው። ሰው የማይበዛበት ሜዳማ አስፋልት ምረጡ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትደርሱ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱና ፎሌ አድርጉ። ሞተሩን በፍጹም አታጥፉ፤ መሪና ፍሬኑ ይከብዳሉ። ቁልቁለት ላይም አትሞክሩት። በፎሌ እየተንከባለለም ድምፁ ከቀጠለና ከፍጥነቱ ጋር እየቀነሰ ከሄደ ጥፋቱ ጎማ አካባቢ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ የሚብስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚጫን።

ለማረጋገጥ ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ ያዙ፣ የተጠረጠረውን በክሪክ አንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግቡ፤ የብረት መደገፊያ ይኑረው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከዚያ አንድ እጃችሁን ሞላው ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጎማውን አዙሩ። ጤነኛ ከሆነ እጃችሁ ምንም አይሰማውም። ያለቀ ኩሽኔታ ጆሮ ሳይሰማው እንኳ በሞላው በኩል አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ ስንት ሰው ያላለቀ ዕቃ ከመቀየር ይድናል።

ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ የጠጠር) መንገድ የወጣ መኪና ከሆነ ደግሞ በፍሬን ዲስኩና ከኋላው ባለው ላሜራ መሀል ትንሽ ጠጠር ተሰክታ ትሆናለች። ድምፁ ያስፈራል፣ መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ መንዳት፣ ካልወጣች ጎማውን ፈትቶ ላሜራውን ገለል ማድረግ። እግረ መንገዳችሁን የፍሬን ሸራውን እዩ። ሸራው አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ከሆነ ሳይቀየር አትንቀሳቀሱ።

ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ መጥቶ በፎሌ የሚጠፋ ከሆነ ኃይል የሚያስተላልፈውን ክፍል ነው የምናየው። እንደ ቪትዝ ባለ በፊት ጎማ በሚጎተት መኪና መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። «ጠቅ ጠቅ» ካለ ሲቪ ጆይንቱ ነው፤ ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ማለት ነው። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ ግራሶ ቸርኬው ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ድምፅ ሳይጀምር ከደረሳችሁበት አዲስ ሽፋንና ግራሶ ያድነዋል። ከጀመረ ግን ግራሶ መሙላት ማታለል ነው፤ ይቀየር። በኋላ ጎማ በሚገፋ መኪና ላይ ክሮቸራውን (የረጅሙን ዘንግ የመስቀል መገጣጠሚያ) እና የዲፈረንሻል ዘይቱን ፈትሹ። የካምቢዮ ዘይት ጎድሎ ከሆነ በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ጨምሩ። ዘይቱ የብረት ብናኝ ይዞ ከወጣ ያኔ ካምቢዮ ለሚያውቅ መካኒክ ስጡት።

ኩሽኔታ ስታስቀይሩ አጠገቡ ቁሙ። በፕሬስ የሚገባውን በመዶሻ ሲደበድቡት ካያችሁ አስቁሙ፤ አዲሱም ቶሎ ይጮኻል። ሊማሊሞን ለመውረድ ያሰበ ሰው ደግሞ ኩሽኔታው እየጮኸ ከጎንደር አይነሳ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ጥቂት ተነድቶ ብሎኖቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ይህን ማንም እስኪያስታውሳችሁ አትጠብቁ።