ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ከባድ ጌም ለሚጫወቱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለቢሮ ሥራ በተሠራ ላፕቶፕ ከባድ ጌም መጫወት ይቻላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ከፕሮሰሰሩ ጋር ተዋህዶ የሚመጣውን ግራፊክስ እንደማንኛውም ካርድ፣ አቅሙ ብቻ አነስ እንዳለ አድርጎ ስለሚመለከተው ነው። ራሱን የቻለ ካርድ የራሱ ማህደረ ትውስታና የራሱ የኃይል ድርሻ አለው። የተዋሃደው ግን ራሙንም (የላፕቶፑን ማህደረ ትውስታ)፣ ኤሌክትሪኩንም፣ ማቀዝቀዣውንም ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራል። ጌሙን የሚያንቀረፍፉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ትልቁ ስህተት ራሙ ሳይታይ ቅንብር መነካካት ነው። በአዲስ አበባ ሱቆች ከሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የሚመጡት በአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ሲሆን፣ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ዲዲአር4 3200 የተባለው የራም ዓይነት ለብቻው ሲሠራ በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሆኖ ሲሠራ 51.2 ይደርሳል። ግራፊክሱ የሚያነበው ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ስለሚያልፍ ሁለተኛው ራም የሚያመጣውን ለውጥ በቅንብር ብቻ ማምጣት ይከብዳል። እንዲያውም ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ የተባለው የተዋሃደ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ በአንድ ራም ብቻ ሲሠራ ግራፊክሱ ስሙ ተቀይሮ ተራ ዩኤችዲ ተብሎ ይታያል። ለማጣራት ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለውን ገጽ ተመልከቱ፤ ካሉት የራም ቦታዎች ስንቱ እንደተያዘ እዚያው ተጽፏል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ካልሆነ በስተቀር ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት። ዊንዶውስ ለተዋሃደ ግራፊክስ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ስለሚያጋራ፣ 16 ጊጋባይት መድረሱ በራሱ ሌላ ጥቅም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የፒክስል ብዛት) ሳይነኩ ሌላውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ነው። 1920 በ1080 ማለት በአንድ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ በሚሣል አንድ ምስል) ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ነው፤ 1280 በ720 ግን 921,600 ብቻ፣ ማለትም ከግማሽ በታች ነው። ጌሙ ኤፍኤስአር የተባለው ምስል የማሳደጊያ ዘዴ ካለው ደግሞ ስክሪኑን በ1080 ትታችሁ «ኳሊቲ» የሚለውን ምረጡ። ውስጥ ውስጡን በ720 ይሣልና ወደ 1080 ያድጋል፤ ጽሑፉና ካርታው ግን ጥራታቸውን ይጠብቃሉ። የፕሮሰሰርና የግራፊክስ አምራቹ ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ይህ ዘዴ በኢንቴል ግራፊክስም ላይ ይሠራል። ነገር ግን ስክሪኑን 720 ላይ አድርጎ ከኤፍኤስአር «አልትራ ፐርፎርማንስ» የሚለውን መምረጥ ሌላ ስህተት ነው፤ በ240 ከተሣለ ምስል ፊት ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ሁሉንም ቅንብር በጅምላ «ሎው» ማድረግም አያዋጣም። ጥላ፣ ነጸብራቅ፣ ጭጋግና ደመና፣ እንዲሁም በማዕዘኖች ላይ የሚያርፈው ረቂቅ ጥላ ከባዶች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን ቀንሱ። ቴክስቸር (የነገሮች ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ግን ራም እስካለ ድረስ መካከለኛ ላይ ቢሆን ፍጥነት ብዙም አይወስድም፤ ጌሙን የሚያምር የሚያደርገውም እሱ ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን የምትጫወቱ ከሆነ ለስቲም ዴክ ከተዘጋጀው ቅንብር ጀምሩ። ስቲም ዴክ ራሱ በተዋሃደ ግራፊክስ የሚሠራ፣ 1280 በ800 ስክሪን ያለው በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ ስለሆነ ለእናንተ ላፕቶፕ ቅርብ ነው። ከዚያ አንድ አንድ እየቀየራችሁ ጌሙ ውስጥ ባለው መለኪያ አወዳድሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ውጤቱን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ማመናቸው ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ይፈቅዱና ከዚያ ወደ ዘላቂው መጠን፣ ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዋት ይመለሳሉ። ያንን 15 ዋት ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ይካፈሉታል። ሲጀመር በሰከንድ 45 ፍሬም ያሳየ ጌም ትንሽ ቆይቶ 28 ላይ ሲወድቅ ሰው ጌሙን ይረግማል፤ ጉዳዩ ግን የኃይል ክፍፍል ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል ተጫውታችሁ ለኩ። ፍሬሙን 30 ላይ ገድቡት፤ በ24 እና በ48 መካከል ከሚዋልል ይልቅ በየ33 ሚሊሰከንዱ ሳይዛነፍ የሚመጣ ፍሬም ለዓይንም ለእጅም ይመቻል። በጌሙ ጎዳናዎች ላይ የሚታየውን የሰው ብዛት መቀነስም የፕሮሰሰሩን ሥራ ስለሚያቀል የተረፈውን ዋት ለግራፊክሱ ይለቅለታል። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን 99 በመቶ ማድረግም ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ስልት፣ ያጠፋዋል። በእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ይህ ፍሬሙን ሊጨምር መቻሉ ግራ ያጋባል፤ ግን ከአንዱ የተነሳው ኃይል ለሌላው ስለሚደርስ ነው። ካልጨመረ ወደ 100 መልሱት።

መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትጫወቱ ፍሬሙ ቢወርድ ቅንብሩን አታፍርሱ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ኃይል ቀንሶ ነው። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት ደግሞ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው።

ፍሬም የሚያባዛውን ዘዴ 25 ፍሬም ላይ ማብራት አይጠቅምም፤ ኤኤምዲ ራሱ ቢያንስ 60 ይኑራችሁ ይላል። ቁጥሩ ይጨምራል፣ የእጃችሁ ትእዛዝ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ያለው የላፕቶፑ ቅንብር) ገብቶ ለግራፊክስ 2 ጊጋባይት መከለልም ዊንዶውስንና ጌሙን ያስርባል። ጌም እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን ተዉአቸው፤ ብራውዘሩን መዝጋት ይበልጣል። የግራፊክሱን ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበትን ሶፍትዌር) ግን ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ ድረ ገጽ አድሱ።

የመጨረሻው ስህተት ዋጋው ከባድ ነው፤ ጌሙ ምን እንደሚጠይቅ ሳያነቡ ማውረድ። «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» የተባለው የ2024 ጌም የጨረር ስሌትን (ሬይ ትሬሲንግ፣ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ የሚያሰላውን) በሃርድዌር የሚሠራ ግራፊክስ ግዴታ አድርጓል። ዩኤችዲ 620፣ ቬጋ 8 እና አይሪስ ኤክስኢ የተባሉት የተዋሃዱ ግራፊክሶች ይህ ስለሌላቸው ምንም ቅንብር ቢቀየር አይከፍቱትም። ጌሙ የሚጠይቀው የዲስክ ቦታ 120 ጊጋባይት ነው፤ ያን ያህል ዳታ በሞባይል ጥቅል ለሚገዛ ሰው ዝቅተኛውን መስፈርት ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።