ልምምድ ወጥታችሁ ሥራው እንዳያመልጣችሁ

ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ለኢንተርንሺፕ የወጣሁት የ4ኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሆኜ ነው። ዛሬ ተለማማጅ ተቀባዩ እኔ ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቴክኒሻኑን መናቅ

ትልቁ ይሄ ነው። "ኢንጂነር" መባል ለጆሮ ስለሚጥም ተማሪው ቢሮ ውስጥ ወንበር ይፈልጋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ሞተር ሲጮህ የማላውቀውን በክፍል ቋንቋ ስተነትን፣ ሽማግሌው መካኒክ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡና "የኋላው ኩሽኔታ ነው ልጄ" አሉኝ። ሲፈታ እሳቸው እንዳሉት ሆነ። ከዚያ ወዲያ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያልኩ በቱታ ከኋላቸው አልጠፋሁም። ቅጥር ሲታሰብ "ያ ልጅ እንዴት ነበር?" ተብሎ የሚጠየቀው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሎግቡኩን (የየቀኑን ሥራ መመዝገቢያ ደብተሩን) በመጨረሻው ሳምንት መሙላት

ያስታውቃል። የወራት ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀለም።

በብርዱ ማመካኘት

የታኅሣሥን ውርጭ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰርቪሱ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ሪፖርቱን ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ማስረከብ

አድቫይዘሩ ማርክ ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። ፋብሪካው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ አንዱ ማሽን በወር ስንት ጊዜ ቆመ? ለስንት ሰዓት? መለዋወጫ ስንት ቀን ተጠበቀ? ይህን በየቀኑ እየመዘገባችሁ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ለጥገና ኃላፊው ስጡት። እኔ ዘንድ የመጡትን ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የተዉልኝን ግን በስማቸው አስታውሳቸዋለሁ።

"ያውቁኛል፣ ይቀጥሩኛል" ማለት

ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተና አለ፣ እንደማንም ትመዘገባላችሁ። ተቀጥራችሁም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ከልምምዱ በኋላ መጥፋት

ከ4ኛ ዓመት ልምምድ እስከ ምረቃ ዓመት ገደማ አለ፤ ብዙ ሰው ሥራውን የሚያጣው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ለመስቀልና ለገና ደውሉ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳይታለፍ ዲግሪ የለምና የፈተናውን ውጤትም ንገሯቸው። ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) እጃችሁ በገባ ማግስት ኮፒውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምዝገባ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

እኔ ጋሼን ተሰናብቼ ስሄድ ስልኬን እንኳ አልተውኩላቸውም ነበር። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የሰማሁት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ለሁለተኛው የደረስኩት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ቁጥሬን በልጃቸው ደብተር ላይ ጽፌላቸው ስለነበር ነው።