ተከትቧል ብላችሁ አትዘናጉ፦ ማጅራት ገትር በሕፃናት ላይ

«ክትባቱን ጨርሷል» ብላችሁ ትኩሳትን አትናቁ። የኒሞኮከስ (ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች አንዱ) ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሚከላከለው 10 ዓይነቱን ብቻ ነበር፤ የባክቴሪያው ዓይነት ግን ከ100 አያንስም፣ ስለዚህ ክትባቱ የማይሸፍነው ዓይነት አልፎ አልፎ ማጅራት ገትር ያመጣል። (ክትባቱ ብዙ ሕፃናት አትርፏል፣ እንዳትተዉት!)

ጨቅላ ከሆነ አንገቱ እስኪገተር አትጠብቁ፤ ላይገተርም ይችላል። ሳያለቅስ ቀና አድርጋችሁ እርግብግቢቱን ዳብሱት። ካበጠ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትስጡት፣ ምርመራውን ያደናግራል። የክትባት ካርዱን ያዙ። ሐኪሞቹ ለምርመራ ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ ሲሏችሁም እሺ በሉ፤ ሽባ ያደርጋል የሚባለው ወሬ ነው፣ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው።