«ድራጎንፍላይት»ን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አን ማካፍሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው የሳይንስ ልብወለድ፣ «ድራጎንፍላይት»፣ ደሴ ውስጥ እኛ መጽሐፍ የምንዋዋስ ሰዎች መሀል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽፋኑ ላይ ዘንዶ ስላለ ብዙ ሰው በጉጉት ይወስደዋል። ከዚያ አንዳንዱ ሠላሳ አርባ ገጽ አንብቦ «አልገባኝም» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው ይጨርስና «ደስ የሚል የዘንዶ ተረት ነው» ብሎ ያልፈዋል። መጽሐፉን በጣም ስለምወደው ሁለቱም ያንገበግቡኛል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ልናገር። መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ አትፍሩ።

ዘንዶውን ጠላት ማድረግ

እኛ ዘንዶን የምናውቀው ከፈረስ ኮቴ ሥር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያንን ሥዕል አይቶታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ጦሩ ቁልቁል፣ ዘንዶው ከታች ተጠማዞ። ላሊበላ ወርዶ ቤተ ጊዮርጊስን የተሳለመ ሰውማ ሥዕሉን በልቡ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ መጽሐፉን የሚጀምር አንባቢ ሳይታወቀው ጦር የያዘውን ጀግና ይጠብቃል። ዘንዶው መቼ ነው የሚገደለው ይላል።

አይገደልም። ፐርን በምትባለው ፕላኔት ላይ ዘንዶዎቹ የሕዝቡ ጠባቂዎች ናቸው። ሰው አይበሉም፣ ወርቅ ክምር ላይም አይተኙም። እንቁላሎቻቸው የጋለ አሸዋ ላይ ይቀመጣሉ፤ መፈልፈያቸው ሲደርስ ወጣቶች ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። የተፈለፈለው ግልገል ከመሀላቸው አንዱን ይመርጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ በሐሳብ ይነጋገራሉ። ጋላቢው ከሞተ ዘንዶውም አብሮት ይጠፋል። ዘንዶው ከሞተ ደግሞ ጋላቢው ግማሽ ሰው ሆኖ ይቀራል።

የመፈልፈሉ ትዕይንት ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ራሞት የምትባለው ወርቃማ ንግሥት ከእንቁላሏ ስትወጣ ግርማ ሞገስ የሚባል ነገር የላትም። ትንገዳገዳለች፣ ትደናቀፋለች፣ ርቧታል። መንገዷ ላይ የቆሙትን ልጃገረዶች ሳታስበው ትጎዳለች። ሌሎቹ ደንግጠው ሲበታተኑ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ሌሳ ልትረዳት ትጠጋለች። ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። የዘንዶዎቹ ዓይን ብዙ ገጽ ያለው ነው፤ ቀለሙም እንደ ስሜታቸው ይለዋወጣል። አንዲት ወላጅ አልባ አገልጋይ በዚያች ቅጽበት ሁለተኛ ብቻዋን እንደማትሆን ታውቃለች። እዚህ ላይ አውሬ እየጠበቃችሁ ከሆነ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል።

መግቢያውን ዘሎ ምዕራፍ አንድ መግባት

መግቢያው ጥቂት ገጽ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ ለምን ግራ እንደገባው አያውቅም።

እዚያ ላይ ነው ሩክባት የምትባለዋን ፀሐይ፣ ፕላኔቶቿን፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተቀላቀለውን «ቀይ ኮከብ» የምትተዋወቁት። የፐርን ሰዎች ከምድር የሄዱ ሰፋሪዎች ዘሮች ናቸው። ቀዩ ኮከብ ረጅም ዙሩን ዞሮ ሲቀርብ ከሱ የብር ክር የመሰለ ነገር ሰማይ አቋርጦ ይወርዳል። ስሙም «ክር» ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ይበላል፤ ሥጋ ላይ ካረፈ ያቃጥላል፤ ማሳ ላይ ካረፈ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ድንጋይና ብረት ላይ ግን አቅም የለውም፣ ውሃም ይገድለዋል። ሰፋሪዎቹ እዚያው ያገኟቸውን ትናንሽ እንስሳት በምርጫ አዳቅለው ዘንዶዎቹን ያወጡት ይሄንን ክር አየር ላይ እንዲያቃጥሉ ነው።

እሳቱም ቢሆን አስማት የለበትም። ዘንዶው ፎስፊን ያለበት ድንጋይ ያኝካል። ጋላቢው ድንጋዩን በከረጢት ይዞ በሰማይ ላይ እየበረረ ያጎርሰዋል። ሆድ ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፣ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይነድዳል። ድንጋይ ካለቀ እሳትም ያልቃል። ውጊያው ላይ «ድንጋይ አምጡ» እየተባለ ሲሮጥ ታያላችሁ፤ ምክንያቱ ይሄ ነው።

የመጽሐፉ ክፍሎች መጀመሪያ የወጡትም «አናሎግ» በሚባል የታወቀ የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ላይ ነው፣ ከ1967 ጀምሮ። የመጀመሪያው ክፍል በ1968 ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልብወለድ ትልቅ ሽልማት አገኘ፤ ማካፍሪም በልብወለድ ሁጎን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ኔቡላ የሚባለውን ሌላ ትልቅ ሽልማት ሲያገኝ እዚያም ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ እሷው ነበረች። «የልጆች ተረት ነው» ለሚላችሁ ሰው ይሄንን ንገሩት።

ግጥሞቹን እንደ ጌጥ ማየት

በኔ ግምት ትልቁ ስህተት ይሄኛው ነው። ወሎ ላይ ሲሠራ ደግሞ ይበልጥ ይቆጨኛል።

በየምዕራፉ አናት ላይ አጫጭር ግጥሞች አሉ። አንባቢው «ታሪኩ የት አለ» ብሎ ይዘላቸዋል። ታሪኩ እዚያው ውስጥ ነው። ፐርን ላይ ልጆች የሚማሩት በዘፈን ነው። ዘማሪዎቹ አጫዋች ብቻ አይደሉም፤ መምህሮች፣ ሕግ አዋቂዎች፣ የዘር ሐረግ ያዦች ናቸው። ክሩ መቼ እንደሚመለስ፣ ምን ምልክት መታየት እንዳለበት፣ ማን ለማን ምን ግዴታ እንዳለበት ሁሉ በግጥም ተቀምጧል። ብራናው ያረጃል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ዘፈኑ ግን ይቀራል።

ችግሩ ክሩ 400 ዓመት ያህል ሳይወርድ መቆየቱ ነው። ሰዎቹ ዘፈኑን ያውቁታል፤ ምን እንደሚላቸው ግን ረስተውታል። ሌሳ ዘንዶ ጋላቢዎቹ ዘንድ ስትገባ የሚሰጣት ትምህርት እነዚህን ዜማዎች መቅዳትና በቃል መወጣት ነው። ይሰለቻታል። አስተማሪዋ ራሱ ትርጉማቸውን አያውቅም። እሷ ግን «ይሄ ግጥም ለምን ተገጠመ?» ብላ መጠየቅ ስትጀምር መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። በተለይ አንድ ዘፈን አለ። በድሮ ጊዜ ስድስት የዘንዶ ሠፈሮች ነበሩ። አምስቱ ዛሬ ወና ናቸው። ዘፈኑ «እነዚያ ሰዎች የት ገቡ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲጠሩት ደስ የማይል ዜማ ነው፤ ብዙ ሰው መስማት አይፈልግም። እናንተ ግን ምልክት አድርጉበት።

ይሄ ነገር ለኛ አዲስ ሊሆን አይገባም። ጀማ ንጉሥና ዳና መንዙማ ሲባል ያደመጠ ሰው፣ ታሪክም ዱዓም ትምህርትም በዜማ ከትውልድ ትውልድ እንደሚሻገር ያውቃል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የኛው አገር ስሞች ናቸው። ዘፈን ሰው የሚይዘው የአገር ማስታወሻ መሆኑን የወሎ ልጅ እየሰማ አድጓል። ስለዚህ ምዕራፉን ከመጀመራችሁ በፊት ግጥሙን አንዴ አንብቡት። ሲያልቅ ተመለሱና ድጋሚ አንብቡት። በሁለተኛው ላይ ሌላ ነገር ይናገራል።

የመኳንንቱን ጥያቄ ንቆ ማለፍ

ፐርን ላይ ምሽጎችን የሚያስተዳድሩ ጌቶች አሉ። ዘንዶ ጋላቢዎቹ አያርሱም፤ ከጌቶቹ በሚመጣ አስራት ይኖራሉ። ክሩ ካልመጣ 400 ዓመት ያህል ሆኖታል። ጌቶቹ «እነዚህን ሰዎች ለምንድነው የምንቀልባቸው?» ይላሉ። አንባቢው ወዲያው ክፉዎች ናቸው ብሎ ይደመድማል።

እስቲ ቆም በሉ። አያትህም፣ የአያትህ አያትም ያላዩትን ጠላት ፈርተህ እህልህን ትሰጣለህ? ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ማካፍሪም አታሾፍበትም። ፋክስ የሚባለው ጌታ ጨካኝ ነው፣ እሱን ተዉት። ሌሎቹ ግን ተራ ሰዎች ናቸው፤ ግብር የከበዳቸው።

ወሎ ይሄንን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣው ራያ ቆቦና ሐብሩ ላይ ሲወርድ ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ገበሬው በጅራፍ፣ በጣሳ፣ በጩኸት ነው የተሟገተው። የደረሰ ሰብል በሰዓታት ውስጥ ሲወድም ያየ ሰው የፍላርን ጭንቀት ይረዳል። ፍላር ምኔመንት የሚባል የነሐስ ቀለም ያለው ዘንዶ ጋላቢ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በምሽጎቹ ድንጋይ መሀል ሣር በቅሎ ሲያይ ይበሳጫል። በሣር የሚበሳጭ ሰው ምን ነካው ትላላችሁ። ክሩ የሚይዘው አንዳች ለምለም ነገር እንዳያገኝ ድንጋዩ ራቁቱን መሆን ነበረበት። ሣሩ የመርሳት ምልክት ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ በብርድ ቀን ጥቁር አቧራ ወረደ የሚል ወሬ ይመጣል። ያንን ዓረፍተ ነገር በፍጥነት አትለፉት።

ሌሳን «ጥሩ ልጅ ትሁን» ብሎ መጠበቅ

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሐፉን ስትመልስልኝ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ግን ክፉ ናት» አለችኝ።

«ምን አደረገች፣ እህትዬ?»

«የራሷን አገር ታበላሻለች እኮ!»

እውነቷን ነው። ፋክስ የሌሳን ቤተሰብ ጨርሶ ሩዋታ የሚባለውን ምሽጋቸውን ወስዷል። እሷ በቆሻሻና በቡቱቶ ተደብቃ እዚያው ኩሽና ውስጥ አሥር ዓመት ታገለግላለች። በሐሳብ ሰውን የመገፋፋት ኃይል አላት። በሱ እየተጠቀመች እርሻው እንዳያፈራ፣ ሥራው እንዳይቃና ታደርጋለች። ፋክስ ከሩዋታ ምንም እንዳይጠቀም። ቂመኛ ናት፣ ትዕቢተኛ ናት፣ ሰው ትጠቀምበታለች። እንዲህ ባትሆን ኖሮ አሥር ዓመት በሕይወት አትቆይም ነበር። በዚያ ዘመን በሳይንስ ልብወለድ ውስጥ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትድን እንጂ የምታድን አልነበረችም። ሌሳ ዓለሙን በራሷ ግትርነት ታዞረዋለች።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ፍላር ሌሳን ትከሻዋን ይዞ ሲንጣት የምታነቡበት ቦታ አለ። ዘንዶዎቹ ሲጣመሩ ጋላቢዎቹም የሚገናኙበት መንገድ ፈቃዷን በደንብ ያልጠየቀ ነው። እነዚህ ገጾች ትክክል አይደሉም፤ «የዘመኑ ነገር ነው» ብሎ መሸፋፈን አልወድም። ለወጣት ስታውሱ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ተወያዩበት። ግን ለነሱ ሲባል ሌሳን አትተዉአት።

የጊዜ ጉዞውን እንደ ማጭበርበር መቁጠር

ዘንዶዎቹ ከቦታ ወደ ቦታ በቅጽበት ይሻገራሉ። መሀል ላይ ያለው ቦታ ጨለማና እጅግ ብርድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳል እስክትስሉ ድረስ ይቆያል። ጋላቢው የሚሄድበትን ቦታ አጥርቶ በሐሳቡ መሳል አለበት። ካልሳለው አይወጣም። መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ ሌሳ በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም መሻገር እንደሚቻል ትደርስበታለች። «ደራሲዋ ሲጨንቃት ያመጣችው ነው» የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ሌሳ በብርድ የምትነቃበትን የመጀመሪያውን ገጽ አስታውሱ፤ ያ ስጋት ከየት እንደመጣ ቆይቶ ይገባችኋል።

ከተሳሳተው መጽሐፍ መጀመር

የፐርን መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በ1988 የታተመው «ድራጎንስዶውን» የሰፋሪዎቹን መምጣት ስለሚተርክ «ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል» ተብሎ ቀድሞ ይነበባል። እንዲህ ካደረጋችሁ ሌሳና ፍላር የሚቆፍሩት ምስጢር ሁሉ ቀድሞ ተነግሯችኋል፤ ፍለጋው ጣዕም ያጣል። በታተሙበት ቅደም ተከተል ሂዱ። «ድራጎንፍላይት»፣ ከዚያ የ1971ዱ «ድራጎንክዌስት»፣ ከዚያ የ1978ቱ «ዘ ኋይት ድራጎን»።

ለአሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ልጅ የምታውሱ ከሆነ ግን የ1976ቱን «ድራጎንሶንግ» ስጡ። እንግሊዝኛው ይቀላል፣ እነዚያ ከባድ ገጾችም የሉበትም። ባሕር ዳርቻ ላይ የምትኖር ሜኖሊ የምትባል ልጅ ታሪክ ነው፤ ዜማ መፍጠር ትችላለች፣ አባቷ ግን ሴት ልጅ አትዘፍንም ብሎ ከልክሏታል።